የጠዋቱ ክፍለ ጊዜ

እኛ ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት ደወሉ ፎጣ ለብሶ ነው የሚውለው። ዳይሬክተራችን ጋሽዬ ሁለት ሰዓት ሲሆን አሮጌ ፎጣቸውን ጠቅለል ያደርጉበትና በመዶሻ ይመቱታል፤ "ዱፍ" ይላል፣ በቃ። ትራስ የተመታ ነው የሚመስለው። እኩለ ቀን ላይ ፎጣው ይፈታል፤ ከዚያ ወዲያ ደወሉም እንደ ደወል ይጮኻል፣ ግቢውም እንደ ትምህርት ቤት ይንጫጫል። ከሌላ ቦታ ተዛውሮ የሚመጣ መምህር ይህን ሲያይ መጀመሪያ ይስቃል። ሰንበት ሲል ግን እሱም ኮሪደሩ ላይ በእግሩ ጣት መሄድ ይጀምራል።

ምክንያቱ ሐይቁ ነው። ጀልባዎቹ ሲመሽ ፋኖስ አንጠልጥለው ይወጣሉ፤ ሊነጋጋ ሲል ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ትልቅ የለ ትንሽ የለ፣ እጅ ያለው ሁሉ ዳር ወርዶ ዓሣውን ከመረቡ ያላቅቃል። ፀሐይ ከቀደመች ዓሣው አለቀለት። ልጆቹ ሥራቸውን ጨርሰው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው በጉሙ ውስጥ አንድ አንድ እያሉ ወደ እኛ ይመጣሉ። እግራቸው ወንበሩን ያገኘዋል፣ ጭንቅላታቸው ዴስኩን ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ትንፋሻቸው ብቻ ነው።

በዚህ ከተማ ማንም ያልጻፈው፣ ማንም የማይጥሰው አንድ ሕግ አለ። ከሐይቅ የመጣ ሰው ከተኛ አይቀሰቀስም። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛው ወንበሩ ላይ ካሸለበበት ግማሽ ፂሙን ላጭቶ፣ ምላጩን አስቀምጦ ይጠብቀዋል። ባንክ ቤት ተራው የደረሰ ሰው አግዳሚው ላይ ተኝቶ ከተገኘ ከኋላው ያለው ይቀድመዋል እንጂ ማንም ትከሻውን አይነካውም። ታዲያ ገበያና ባንክ ያከበሩትን እኛ መምህራን በምን አንጀታችን እንጥሰው? አንዴ ጋሽዬ ጠዋት ላይ ስፖርት ይሁን ብለው ሞክረው ነበር። ልጆቹ ሜዳው ላይ፣ ሣሩ ላይ፣ ጉሙን ለብሰው ተኙ። ኳሷ ብቻዋን ቆማ ቀረች።

እኔ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ የጠዋቱን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ጠመኔውን ሳላስጮኽ፣ ለተኙ ልጆች እኩሌታ እፈታለሁ። ያወጡልኝ የቅጽል ስም "ኪኒኗ" ነው። እንቅልፍ የሚያመጣ ኪኒን ማለታቸው ነው፤ ምን ላድርጋቸው? አንዷ ተማሪዬ መንገድ ላይ አስቁማኝ፣ "ቲቸር፣ ሎጋሪዝም በሕልሜ መጣብኝ፤ ፍቺው ምንድነው?" አለችኝ። "ፈተና ላይ ይመጣል ማለት ነው" አልኳት። ሳቀች፤ እኔ ግን የምሬን ነበር።

ታላቅ እህቴ ደግሞ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ጂኦግራፊ ታስተምራለች። እኔ "እታለም" እላታለሁ፤ ልጆቹ "ካርታ" ይሏታል፣ የተጠቀለለ ካርታ ከእጇ ስለማይለይ። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ይገፈፋል፣ ልጆቹም ዓይናቸው ይበራል፤ እሷም ካርታዋን ትዘረጋና ወንዝ ለወንዝ ይዛቸው ትሄዳለች። በኮሪደሩ ሳልፍ ድምፃቸው እስከ መንገድ ይሰማል። እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንድ ቀን ቅናት አንገቴ ድረስ ይመጣብኝ ነበር።

በየዓመቱ፣ አዲሱ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ፣ የክልሉ ትምህርት ቢሮ አርባ አንዱን ወረዳ ባለፈው ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አሰልፎ የሚያወዳድርበት ሰንጠረዥ ይመጣል። ለፈተናው ሳምንት ብቻ አባቶች ልጆቻቸውን ከመረቡ ይምሯቸዋል፤ ስለዚህ ፈተናውን ነቅተው ነው የሚቀመጡት። የሚፈተኑት ግን ዓመቱን ሙሉ ተኝተው ያሳለፉትን ነው። ወረዳችን ያለው አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቻ ስለሆነ የወረዳው ማዕረግም ውርደትም እኛው ላይ ያርፋል። በጠቅላላው ሠላሳ ስምንተኛ ነን። ፊዚክሱና ባዮሎጂው መሐል አካባቢ ይንገዳገዳል። በሒሳብ አርባ አንደኛ ነን፤ ከእኔ በታች ያለው የገጹ ኅዳግ ብቻ ነው። በጂኦግራፊ ደግሞ ከክልሉ ሁለተኛ!

ያን ቀን ማታ እታለም ሰንጠረዡን እራት ላይ ለእማዬ ታነብላታለች። "ጂኦግራፊ፣ ሁለተኛ" ስትል ድምጿ ትንሽ ይዘምራል። እማዬ እልል ልትል ምንም አይቀራትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ትልና፣ "አንቺስ የእኔ ልጅ?" ትለኛለች። እታለም ቀድማ፣ "እሷማ ልጆቹን እያስተኛች እኔ ጋ ትልክልኛለች፤ ዕረፍት አድርገው ነው የሚመጡልኝ" ትላለች። ሁላችንም እንስቃለን። እኔም እስቃለሁ፤ ከሳቅኩ በኋላ ግን የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀምጣለሁ።

ዘንድሮ ሰንጠረዡን ተከትሎ ሰው መጣ። ወጣት ተቆጣጣሪ ነው፤ ሸሚዙ እንደ ነጭ ወረቀት የተተኮሰ፣ ቦርሳው ከእጁ የማይለይ። የጋሽዬ ቢሮ ውስጥ እኔንና እታለምን አስቀምጦ ነገሩን ሳያድበሰብስ ተናገረው።

"ሠላሳ ስምንተኛ የሆነ ወረዳ በአንድ ትምህርት ብቻ ሁለተኛ አይወጣም። ቢሮው ፈተናው ሾልኮ ነበር ብሎ ጠርጥሯል። ከተረጋገጠ መምህሯ ከሥራ ይሰናበታሉ፤ ከዚያ በኋላ የትም ትምህርት ቤት ማስተማር አይችሉም።"

እታለም ፊቷ ቅጭም አለ። ካርታዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ በሁለት እጇ ያዘችው። ዕድሜዋን ያለ ትምህርት ቤት ሳስበው አይታየኝም፤ ለእሷም የታያት አልመሰለኝም።

"እንዴት ነው የሚያረጋግጡት?" አለች።

"አዲስ ጥያቄ ይዣለሁ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ እርስዎው የሚያስተምሯቸውን የዘንድሮዎቹን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች እፈትናቸዋለሁ። ካወቁ አወቁ። ካላወቁ ያው ነው። በአምስት ሰዓቱ አውቶቡስ እመለሳለሁ።"

"ከሰዓት በኋላ ይሁንልን" አልኩት። "ጠዋት ልጆቹ ይተኛሉ።"

"ይተኛሉ?"

"ከሐይቅ ነው የሚመጡት። ከሐይቅ የመጣ ደግሞ አይቀሰቀስም።"

ወጣቱ ጋሽዬን አያቸው፤ ጋሽዬ በኀፍረት ጣሪያውን አዩ። "እመቤቴ" አለኝ፣ "እውቀት በሰዓት ይለወጣል እያሉኝ ነው? ያወቀ ልጅ ጠዋትም ያውቃል። አውቶቡሱ ደግሞ ሌላ የለም። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ስለ ፈተናው ዛሬ አንድ ተማሪ እንኳ ከሰማ፣ መሾለኩን በዓይኔ አየሁ ማለት ነው።"

ቤት ስንገባ ጃኬቴን ሳላወልቅ ልወጣ ተነሳሁ። ጀልባዎቹ ገና ዳር ነበሩ። አባቶቹን፣ ዛሬ ብቻ ልጆቹን ማሩልን ብላቸው እምቢ የሚለኝ አልነበረም። እታለም በሩ ላይ ቆመችብኝ።

"የት ነው?"

"የትም። ነፋስ ልቀበል።"

"እንዳታደርጊው። ሞኝሽን ፈልጊ። አንድ አባት ቢጠይቅሽ ምን ልትይው ነው? ነገ ፈተና አለ ልትይው?"

"ታዲያ ዝም ብለን ይብሉሽ?"

"ዛሬ ሌባ አይደለሁም" አለች። "አንቺ እዚያ ወርደሽ አንድ ቃል ከተናገርሽ ግን ነኝ። ይኼን አታድርጊብኝ፣ እህት ዓለም።"

አንጀቴን በላችው። ጃኬቴን አወለቅኩ። እማዬ ምን እንደሆነ ሳይነገራት ገብቷት፣ የሁለታችንንም ጫማ አንስታ በሩ ሥር ጎን ለጎን አስቀመጠችው። ከመስኮቱ ፋኖሶቹ ውኃው ላይ አንድ በአንድ ሲርቁ ይታዩ ነበር። ሰማዩ የት እንደሚያልቅ፣ ሐይቁ የት እንደሚጀምር አይለይም። እታለም ቆማ ሁሉም እስኪጠፉ አየቻቸው።

ጠዋት ጉሙ ከወትሮው ከብዶ ነበር። ግቢው በር ላይ ስንደርስ ተቆጣጣሪው ከጉሙ ውስጥ ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ያ ሸሚዝ ታኝኮ የተተፋ ይመስላል።

"ይኼ አገር አይተኛም እንዴ?" አለ። ማረፊያው ሐይቁ ዳር ነው የተሰጠው። መልስ ሳይጠብቅ እያዛጋ አለፈን። ክንዱ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ ሲል አየሁ። የዓሣ ቅርፊት ነበር።

ደወሉ "ዱፍ" አለ። ልጆቹ ገቡ። እኔ የራሴን ክፍለ ጊዜ ለፈተናው ስለለቀቅኩ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ፤ እታለም ከፊት ሰሌዳው አጠገብ ቆመች። ተቆጣጣሪው ወረቀቱን አደላቸው። ልጆቹ ደነገጡ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ እሷን አዩ፣ ስማቸውን ጻፉ። ከስማቸው ያለፈ ግን ብዙ የለም። መጀመሪያ መስኮቱ ጋ ያለው ትልቁ ልጅ እንቅልፍ ይዞት ሄደ። ከዚያ መንትዮቹ፣ ተደጋግፈው። ከዚያ መላው የመሐል ረድፍ። አንዳንዶቹ ስለ እሷ ሲሉ ታገሉ፤ ጉንጫቸውን ቆነጠጡ፣ ዓይናቸውን በጣታቸው ገልጠው ያዙ። እንቅልፉ ግን ጉልበተኛ ነው። እስክሪብቶዎቹ አንድ በአንድ ከእጃቸው ወደቁ።

ከኋላ ሆኜ በከንፈሬ ብቻ፣ "አጨብጭቢ!" አልኳት። አንድ ጭብጨባ ይበቃት ነበር፤ ድምጿን ያውቁታል፣ ይነሡ ነበር። እታለም እጆቿን አነሳች። ፊት ለፊቷ የተኛችው ያቺ የሎጋሪዝሟ ልጅ ናት። መዳፏ ክፍት ሆኖ ዴስኩ ላይ ተዘርግቷል፤ የመረቡ ክር ጣቶቿ ላይ ቀይ መስመር አስምሮበታል። እታለም መስመሮቹን አየች፣ ካርታ የምታነብ ይመስል ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ እጆቿን መልሳ አወረደች። በእግሯ ጣት ሄዳ፣ ብርሃኑ የልጅቷ ዓይን ላይ እንዳያርፍ መጋረጃውን ሳበችው።

እዚያው በቆምኩበት ዕንባዬ መጣ። ይህች ሴት መተዳደሪያዋን በገዛ እጇ ስትዘጋ ነው ያየሁት። ደግሞ በዚያ ሰዓት የወደድኳትን ያህል ወድጃት አላውቅም።

ክፍሉ ፀጥ አለ። ጉሙ በተሰበረው መስታወት በኩል ቀስ ብሎ ገብቶ በዴስኮቹ መሐል ተንጎራደደ። የልጆቹ ትንፋሽ አንድ ላይ ይወጣል፣ አንድ ላይ ይገባል፤ ክፍሉ በሙሉ ውኃ ላይ ያለ መሰለኝ፣ ወለሉም ከእግሬ ሥር ትንሽ ወዝወዝ ያለ። ሒሳብ የማስተምረው በየቀኑ በዚህ ውስጥ ነው። ለካ ሌላ ሰው አይቶልኝ አያውቅም ነበር።

ለተቆጣጣሪው ልነግር ዞር ስል እሱም የለም። ማለቴ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ጉንጩን ቦርሳው ላይ አድርጎ፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ።

ጋሽዬ በሩን ገፋ አድርገው አንገታቸውን አስገቡ። ያዩትን ሲያዩ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። ከመንገዱ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ተሰማ።

"ጉዴ ፈላ!" አሉ በሹክሹክታ። "አውቶቡሱ ሊያመልጠው ነው። ልቀስቅሰው?"

"ጋሽዬ፣ ክንዱን ይዩት" አልኳቸው።

ጋሽዬ ጎንበስ ብለው መነጽራቸውን አስተካክለው ቅርፊቱን አዩት። "የመንግሥት ሰው እኮ ነው፣ ልጄ" አሉ። "ሆን ብላችሁ አስቀራችሁኝ ቢለን ምን አፍ አለን?"

ሁለታችንም እታለምን አየናት። በዚህ ጉዳይ የምትጎዳው እሷ ናት፤ የምትጠቀመውም እሷው ናት። "ልጆቹን ያልቀሰቀስኩ እሱን በምን አንደበቴ ልቀስቅሰው?" አለች። "ይተኛ። ለሁሉም አንድ ነው።"

ጋሽዬ ተንፍሰው፣ በሩን ሳያንቋቁ ዘግተው ሄዱ። አውቶቡሱም ሄደ።

እኩለ ቀን ላይ ጋሽዬ ፎጣውን ፈትተው ደወሉን ደበደቡት። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ተንጠራራ። ተቆጣጣሪው ዘሎ ተነሳ፤ የቦርሳው ዘለበት ጉንጩ ላይ ታትሟል። ሰዓቱን አየ። ደሙ ፈላ።

"ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም?"

ልጆቹ ዓይናቸውን እያሹ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በአንድ ድምፅ፣ "ከሐይቅ የመጣ አይቀሰቀስም!" አሉት።

"እኔ ከሐይቅ አልመጣሁም!" ብሎ እጁን ሲያወናጭፍ ቅርፊቱን አየ። ቆመ። በጣቱ ነካው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

"ጫጫታው ሲበዛብኝ፣ ዝም በሉ ልላቸው ነበር የወረድኩት" አለ፤ ለእኛ ነው ወይስ ለራሱ የሚያወራው አልገባኝም። "አንዱ 'ያዝ!' ብሎ የመረብ ጫፍ ሰጠኝ። ማን ነህ እንኳ አላለኝም። ልጥለው አሰብኩ፣ ከበደኝም፣ አፈርኩም። ሲነጋ እዚያው ነበርኩ።" ልጆቹን ዞሮ ዞሮ አያቸው። "ይኼን በየቀኑ ነው የምትሠሩት?"

"በየቀኑ ነው" አለች የሎጋሪዝሟ ልጅ። "እሑድም ቢሆን ዓሣ አይተኛም!"

ክፍሉ ሳቀ። እሱም ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ስም ብቻ የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ሰበሰበና ማንም አይቷቸው የማያውቃቸውን ሌሎች ጥያቄዎች ሰሌዳው ላይ በገዛ እጁ ጻፈ። ከምሳ በኋላ ፈተናቸው። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ እስክታዘነብል አረመ። እታለም ጠጋ አላለችውም፤ ግቢው ውስጥ የሌለ ቅጠል ትጠርግ ነበር። በመጨረሻ ተነስቶ ራሱ ወደ እሷ ሄደ።

"የሾለከ ነገር የለም" አላት። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንዲያውም አንደኛ አለመውጣታችሁ ነው የገረመኝ።"

እታለም መጥረጊያውን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ተቆጣጣሪው ቦርሳውን ሲያነሳ እኔን አየኝ። "ሒሳቡን ጠዋት ጠዋት የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት? አርባ አንደኛዋ?"

"እኔ ነኝ።"

"ለእርስዎ የመጣ ተቆጣጣሪ አልነበረም?"

"ማን ይመጣል?" አልኩት፤ ምሬቱ ሳላስበው ወጣብኝ። "ጥሩውን ውጤት ነው እንጂ መጥፎውን ማን ይጠረጥረዋል? እሱን ሁሉም ሰው ወዲያው ነው የሚያምነው። ቤታችንም ጭምር።"

እታለም ከተቀመጠችበት ቀና ብላ አየችኝ።

ወጣቱ ከተመለሰ በኋላ የወረዳችን ትምህርት ከሰዓት በኋላ እንዲሆን ቢሮውን ጠይቆልናል። መልሱ አጭር ነበር፤ ክልሉ በሙሉ የሚጀምረው ሁለት ሰዓት ነው፣ ለአንድ ወረዳ ተብሎ አይቀየርም። ስለዚህ ጠዋቱ እንዳለ አለ፤ የሚይዘው ሰው ብቻ ይፈልጋል።

አዲሱ ዓመት ሲከፈት የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ኮሪደሩ ላይ ተለጠፈ። ሒሳብ፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ። ጂኦግራፊ፣ የመጀመሪያው። ጋሽዬ ተሳስተው ነው ብዬ ቢሯቸው ስገባ፣ "እኔ ምን አገባኝ፣ እህትሽን ጠይቂ" አሉኝ።

"አበድሽ እንዴ?" አልኳት። "ሁለተኛ ነሽ እኮ!"

"ነበርኩ" አለች። "አየሽ፣ አገር መዞር ተኝቶም ይሆናል። ሒሳብ ግን ተኝቶ አይሆንም።"

"እታለም፣ ይኼን አታድርጊብኝ።"

"አንቺ ጃኬትሽን አወለቅሽልኝ አይደል?" አለችና ካርታዋን አንስታ ሄደች።

ዓመቱ አለቀ፤ ሌላው ተጀመረ፤ ሰንጠረዡም መጣ። እራት ላይ እንደ ልማዷ እታለም አነበበችው። ወረዳው በጠቅላላው ሠላሳ ስምንተኛ ነው፤ አንዱ የወጣውን ያህል ሌላው ወርዶ፣ ከፎቅ ላይ ሆኖ ለሚያየን ምንም አልተለወጠም። "ሒሳብ" አለች፣ ድምጿ ትንሽ ዘመረ፣ "አሥራ አራተኛ።" እማዬ የሰማች ስላልመሰላት ደግማ፣ ጮክ ብላ፣ "ሒሳብ፣ አሥራ አራተኛ!" አለቻት። እማዬ እጄን ይዛ ሳመችው። ከዚያ ወደ ታላቋ ዞር አለችና፣ "አንቺስ የእኔ ልጅ?" አለቻት።

"እኔ ጠዋት ነኝ፣ እማዬ" አለች እታለም፣ ወረቀቱን እያጠፈች። እኔ የመልስ ቀልድ ነበረኝ፤ ዓመታት ሙሉ ያዘጋጀሁት። አፌ ላይ ደርሶ ቀረ።

በማግሥቱ ማልጄ ሄጄ በክፍሏ መስኮት አየኋት። ልጆቹ ሁሉም ተኝተዋል። ካርታው ተሰቅሏል። እሷ ወንዞቹን ከምንጫቸው ጀምራ አንድም ሳትዘል፣ ማንም ሳይሰማት፣ በሹክሹክታ ትናገራለች፤ ወደ ሌላው አገር ስትሻገር ወረቀቱ እንዳይንኮሻኮሽ ጠርዙን በጣቷ ይዛለች። አሁን እሷን ነው "ኪኒኗ" የሚሏት። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩና ኮሪደሩን ቀስ ብዬ አለፍኩ።